ከሶሬንቶ ደርሶ መልስ፦ ፖምፔይን፣ ካፕሪንና አማልፊን ሳይንገላቱ ማየት

የጣሊያኑ የናፖሊ ባሕረ ሰላጤ ለአሸዋው ተብሎ አይኬድበትም። ሶሬንቶ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከታች ባሕሩ ዳር ያለው በአብዛኛው ውሃው ላይ የተዘረጋ የእንጨት መድረክና በቀን ኪራይ የሚገኝ መጋደሚያ ወንበር ነው። ሰው እዚያ የሚያርፈው አንድ አልጋ ይዞ በየቀኑ ወጣ ብሎ ለመመለስ ነው፦ ፖምፔይ በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ የካፕሪ ደሴት በፈጣን ጀልባ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ፣ የባሕር ዳሯ ከተማ አማልፊ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል።

ቀኑን የሚያበላሸው ታዲያ መሄጃው ሳይሆን መመለሻው ነው። ጠዋት ግማሹ ባዶ የነበረ አውቶቡስ አመሻሹ ላይ ጢም ብሎ ሞልቶ ፌርማታውን ሳይቆም ያልፋል፤ የማታው ጀልባ በነፋስ ይሰረዛል፤ ባቡሩ በአድማ ቀን ጠዋትና ማታ ለተወሰኑ ሰዓታት ብቻ ይሠራል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ቀን ሂሳብ ከመመለሻው ጀምራችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ። እዚህ ያሉት ሰዓቶች ትኬት ላይ በሚታተሙበት አቆጣጠር ናቸው፣ ወራቱና ዓመቶቹም የፈረንጅ ናቸው፤ 9:00 ሲል የኛ ጠዋት 3 ሰዓት፣ 19:00 ሲል የኛ ምሽት 1 ሰዓት ማለት ነው። ከቤተሰቡ አንዱ በኛ፣ ሌላው በፈረንጅ ሰዓት ከቆጠረ አንዱ ወደብ ላይ ይቆማል፣ ሌላው አልጋ ውስጥ ይቀራል።

ባቡሩ

ናፖሊንና ሶሬንቶን የሚያገናኘው ባቡር ቺርኩምቬሱቪያና ይባላል። ስሙ እንደሚለው የቬሱቪዮን እሳተ ገሞራ እግር እየዞረ ይሄዳል፤ ከዳር እስከ ዳር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ያረጀ፣ ብዙ ጊዜ ማቀዝቀዣ የሌለው፣ የሠራተኛና የተማሪ ባቡር ነው። የመቀመጫ ቁጥር የለውም፣ ቀድሞ የገባ ይቀመጣል። ከሶሬንቶ ስትነሱ መነሻው እዚያው ስለሆነ መቀመጫ አታጡም። ከናፖሊ ሲሆን ግን ሕዝቡ ሁሉ የሚሳፈረው በዋናው ባቡር ጣቢያ ሥር ካለው ከፒያሳ ጋሪባልዲ ነው፤ ባቡሩ የሚነሳው ደግሞ ከእሱ በፊት ካለው ከፖርታ ኖላና ነው። ትንሽ በእግር ሄዳችሁ ከፖርታ ኖላና ብትሳፈሩ ቁጭ ብላችሁ ትጓዛላችሁ። (ለአዲስ አበባ ልጅ ፒያሳ አንድ ቦታ ነው፤ እዚያ ግን አደባባይ ሁሉ ፒያሳ ነውና ሙሉ ስሙን ያዙ።)

በር ሲከፈትና ሲዘጋ ያለው ግፊያ ለኪስ አውላቂ የተመቸ ነው። ቦርሳ ወደ ፊት፣ ስልክ ከኋላ ኪስ ውስጥ አይቀመጥም። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ደግሞ “ሾፔሮ” የሚል ማስታወቂያ መኖር አለመኖሩን እዩ፤ አድማ ማለት ነው፣ አስቀድሞም ይነገራል። በቱሪስት ወራት በዚያው ሐዲድ ላይ ካምፓኒያ ኤክስፕሬስ የሚባል መቀመጫው የተረጋገጠ ባቡር ይሠራል። ዋጋው ከተራው በብዙ ይበልጣል፤ በበጋው ሙቀት ሕፃን ወይም አዛውንት ከያዛችሁ ግን አያስቆጭም።

ፖምፔይ

ፖምፔይ ቬሱቪዮ ፈንድቶ በአመድ የቀበረው የጥንት ሮማውያን ከተማ ነው። ለብቻው አንድ ቀን ስጡት። “ጠዋት ፖምፔይ፣ ከሰዓት ቬሱቪዮ” የሚለው ጥቅል ጉብኝት በሁለቱም ቦታ ሲያሯሩጥ ይውላል።

መጀመሪያ ጣቢያውን ለዩ። የምትወርዱት “ፖምፔይ ስካቪ – ቪላ ዴይ ሚስቴሪ” ላይ ነው፤ ስካቪ ማለት ቁፋሮ ነው። “ፖምፔይ” ብቻ ወይም “ፖምፔይ ሳንቱዋሪዮ” የሚሉት በአዲሱ ከተማ በኩል ያሉ የሌላ መስመር ጣቢያዎች ናቸው። ናፖሊ ላይ የተለያዩ መስመሮች ባቡሮች እየተፈራረቁ ስለሚመጡ ግንባሩ ላይ “ሶሬንቶ” የሚል ሳታነቡ አትግቡ።

ከጣቢያው ስትወጡ ፖርታ ማሪና የተባለው በር ጥቂት እርምጃ ነው። እዚያች አጭር መንገድ ላይ “ትኬት እዚህ ነው፣ ሰልፍ የለውም” የሚሉ ሰዎች ይጠብቋችኋል። የሚሸጡት የአስጎብኚ ጉብኝት እንጂ የመግቢያውን ትኬት ብቻ አይደለም። ካልፈለጋችሁ ዝም ብላችሁ እለፉ።

ትኬቱን ቀድማችሁ በኢንተርኔት ግዙ። ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ በቀን የሚገባው ሰው በ20,000 ተገድቧል፤ ትኬቱም በስም ሆኗል፣ በሩ ላይ መታወቂያ ሊጠየቅ ይችላል። ስም ስትሞሉ ፓስፖርታችሁ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ካርዳችሁ ላይ እንዳለው ይሁን፤ “ኖሜ” የሚለው ለራስ ስም ነው፣ “ኮኞሜ” የሚለው ደግሞ ካርዱ ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ ለተጻፈው። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ የየትም አገር ዜጋ ቢሆን በነፃ ይገባል። ከ18 እስከ 25 ዓመት ያለ የአውሮፓ ኅብረት ፓስፖርት የያዘ ወጣት የሚከፍለው 2 ዩሮ ብቻ ነውና አውሮፓ ያደጉ ልጆቻችሁ ፓስፖርታቸውን ይያዙ። ርካሹ ትኬት የከተማውን መሐል ብቻ ያስጎበኛል፤ ከቅጥሩ ውጭ ያለውን ቪላ ዴይ ሚስቴሪን ለማየት ከፍ ያለውን መግዛት ያስፈልጋል። ልዩነቱ ጥቂት ዩሮ ነው፣ ቪላው ደግሞ በቀይ ግድግዳው ሥዕል ብቻ ዋጋውን ያወጣል። የወሩ የመጀመሪያ እሑድ መግቢያ ነፃ ነው፤ በዚያ ቀን የሚያጋጥማችሁን ሕዝብ ስታስቡ ግን ከፍሎ በሌላ ቀን መግባት ይሻላል።

ከአፕሪል እስከ ኦክቶበር በ9:00 ተከፍቶ በ19:00 ይዘጋል፣ የመጨረሻው መግቢያ 17:30 ነው። በክረምት 17:00 ይዘጋል። ከ30 በ30 በ15 ሳንቲሜትር የሚበልጥ ቦርሳ አይገባም፣ በር ላይ በነፃ ይቀመጣል። ጫማ ጠፍጣፋና የሚይዝ ይሁን፤ ከፖርታ ማሪና የሚያስገባው ዳገት ድንጋዩ ከመረገጥ ብዛት ለስልሷል፣ ያንሸራትታል። የሕፃን ጋሪ አትያዙ። መንገዱ ትልልቅ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈበት ነው፣ የሠረገላ ጎማ የቦረቦረው ጎድጓዳ መስመር አለው፣ መሻገሪያውም ከመንገዱ ከፍ ብለው የተተከሉ ድንጋዮች ናቸው። አንቀልባ ያላት እናት እዚህ ከማንም ቀድማ ትሄዳለች። ጥላ የለም ማለት ይቻላል። ውሃ ግን በየመንገዱ ካሉት ቧንቧዎች ይቀዳል፤ ይጠጣል፣ ጠርሙስ ብቻ ያዙ።

መንገዳችሁን ገልብጡ። በ9:00 የገባ ሰው ሁሉ ፎሮ በሚባለው አደባባይ ይቆማል፣ ከዚያ በጠባቧ የሴተኛ አዳሪዎች ቤት በር ላይ ይሰለፋል። እናንተ አደባባዩን ዝም ብላችሁ አልፋችሁ በቀጥታ ወደ ቬቲ ቤት ሂዱ፤ ለ20 ዓመት ያህል ተዘግቶ በጃንዋሪ 2023 የተከፈተ የሀብታም ነጋዴዎች ቤት ነው፣ ጠባብ ስለሆነ ረፋዱ ላይ ሰልፉ ይረዝማል። ቀጥሎ ቅርቡ የፋውን ቤት አለ። ወለሉ ላይ የምታዩት የታላቁ እስክንድር ሞዛይክ ቅጂ ነው፤ ዋናው ናፖሊ ባለው የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ነው ያለው። (ሙዚየሙ ማክሰኞ ዝግ ነው፤ የናፖሊ ቀናችሁን ማክሰኞ አታድርጉ።)

ከዚያ ወደ መታጠቢያ ቤቶቹና ወደ ዳቦ ቤቶቹ። አንዱ ዳቦ ቤት ውስጥ ቆም በሉ። ግቢው ውስጥ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተቀረጹ፣ መሐላቸው እንደ ወገብ የቀጠነ ወፍጮዎች ቆመዋል፤ የላይኛው ድንጋይ ጎን ላይ ያለው ቀዳዳ አህያ የሚገፋው እንጨት የሚሰካበት ነው። ከጎኑ በጡብ የተሠራው ጉልላት ምድጃ ነው፣ ማንም ሳይነግራችሁ ፎርኖ መሆኑን ታውቃላችሁ። እዚያ ሲጋገር ከነበረው ዳቦ ከሰል ሆኖ የተረፈው ናፖሊ ሙዚየም ውስጥ አለ፤ ክብ ነው፣ ስምንት ቦታ ለመቁረስ ምልክት ወጥቶለታል።

በጀሶ የተቀረጹትን ሰዎች ለማየት በደቡብ ምሥራቅ ወዳለው “የሸሹት ሰዎች አትክልት ስፍራ” ውረዱ፤ 13 ሰዎች በወደቁበት አሉ። ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ፦ እነዚህ ሐውልት አይደሉም፣ ድንጋይ የሆነ ሥጋም አይደሉም። አመዱ አስከሬኑ ላይ ጠጠረ፣ ሥጋው በስብሶ ባዶ ቦታ ቀረ፤ በ1863 ጁዜፔ ፊዮሬሊ በዚያ ባዶ ቦታ ጀሶ እያስፈሰሰ ሲያስቆፍር የሰዎቹ ቅርጽ ወጣ። አጥንታቸው ውስጡ አለ። ልጆች ከያዛችሁ ከመድረሳችሁ በፊት ንገሯቸው።

ቀኑን በአምፊቲያትሩ ወይም በቪላ ዴይ ሚስቴሪ ጨርሱ እንጂ ሁለቱን አታጣድፉ፤ አንዱ በምሥራቅ ጫፍ፣ ሌላው በምዕራብ ጫፍ ነው። ለባቡሩ የሚቀርበው ቪላው ነው። አራት ሰዓት በቂ ነው፣ ከአምስት በላይ እግር አይፈቅድም።

ኤርኮላኖና ቬሱቪዮ በአንድ ቀን

ተራራውና በዚያው ፍንዳታ የተቀበረችው ትንሿ ከተማ ኤርኮላኖ ይጣመራሉ፣ ምክንያቱም ወደ ተራራው የሚወስዱት መኪኖች የሚነሱት ከኤርኮላኖ ስካቪ ጣቢያ በር ነው። ተራራውን አስቀድሙ፤ ከሰዓት ደመና ጫፉን ይሸፍነዋል። መኪናው 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ያደርሳችኋል፣ የቀረውን በአሸዋማ ዳገት ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ነው። ቬሱቪዮ 1,281 ሜትር ነው፣ ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው በማርች 1944 ነው። ብዙ ሰው እዚህ የሚቸገረው በትኬቱ ነው፦ በሰዓት የተወሰነ ነው፣ የሚገዛውም በኢንተርኔት ነው፣ ላይ ከደረሱ በኋላ ደግሞ ኔትወርኩ ያስቸግራል። ከታች ሳላችሁ ገዝታችሁ ስልክ ላይ አስቀምጡት። በበጋም ቢሆን ጫፉ ላይ ነፋስ አለና አንድ ሹራብ አይጎዳም።

ኤርኮላኖ ከጣቢያው በቀጥታው ቁልቁለት አሥር ደቂቃ ነው። ከፖምፔይ ብዙ ያንሳል፣ በሁለት ሰዓት ተኩል ይታያል፤ አንዱን ብቻ የማየት ጊዜ ያለውና ሙቀት የማይችል ሰው ይህን ቢመርጥ አይሳሳትም። በ79 ዓ.ም. ፖምፔይ ላይ ለሰዓታት የዘነበው ቀላል ድንጋይ ጣሪያዎቹን ደረመሰ። ኤርኮላኖን ያገኛት ግን ከተራራው የወረደ የሚያቃጥል አመድና ጋዝ ነው፤ ከ15 ሜትር በላይ ተከምሮ አየር ስለከለከላት እንጨቱ ከሰለ እንጂ ተቃጥሎ አላለቀም። ስለዚህ እዚህ ፎቅ ቤት ከነተሸካሚ እንጨቱ፣ ከነበሩ ታያላችሁ። ከታች በጥንቱ ባሕር ዳር በጀልባ ማቆሚያ ቅስቶች ሥር ጀልባ ይጠብቁ የነበሩ ሰዎች አጽም ተደራርቦ አለ። ባሕሩ ዛሬ ከዚያ ርቆ ሄዷል።

ካፕሪ

ቀኑን አስቀድማችሁ አትቁረጡ፤ የሳምንቱን የባሕር ትንበያ እያያችሁ ነፋስ የሌለበትን ቀን ለካፕሪ ስጡ። ነፋስ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሰረዙት ትናንሾቹ ፈጣን ጀልባዎች ናቸው፣ ትልልቆቹ ዘገምተኛ መርከቦች ይቆያሉ። ስለ ወደብ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ፦ ሶሬንቶ ላይ ጀልባ የሚነሳው ከማሪና ፒኮላ ነው፣ ማሪና ግራንዴ የዓሣ አጥማጆች ሰፈር ነው። ካፕሪ ላይ ተቃራኒው ነው፣ የምትወርዱት ማሪና ግራንዴ ላይ ነው።

ከሶሬንቶ በመጀመሪያዎቹ ጀልባዎች ሂዱ፤ ከናፖሊ የሚመጣው ሕዝብ ረፋዱ ላይ ሲደርስ የአውቶቡሱም የፉኒኮላሬውም ሰልፍ ወደቡን ይሞላዋል። ፉኒኮላሬው ዳገቱን የሚወጣው ባለ ገመድ ባቡር ነው፤ ትኬቱ የሚሸጠው ወደቡ ላይ ባለው ቢሮ እንጂ በመግቢያው አይደለም፣ ሳይዙ ተሰልፈው የሚመለሱ ብዙ ናቸው። ላይኛዋን አናካፕሪን አስቀድሙ። ከዚያ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን የገመድ ወንበር በ13 ደቂቃ ገደማ ወደ ሞንቴ ሶላሮ ያወጣል፤ 589 ሜትር፣ የደሴቷ ጫፍ። ከላይ ፋራልዮኒ የተባሉት ከባሕር የወጡ ዐለቶች ወለል ብለው ይታያሉ። የካፕሪን ከተማና የአውግስጦስን አትክልት ስፍራ ከሰዓት ታደርሳላችሁ።

ሰማያዊው ዋሻ? ካልሆነ አይቆጫችሁ። አፉ ከውሃው በላይ አንድ ሜትር ገደማ ነው፤ ትንሽ ጀልባ ውስጥ ተጋድማችሁ ቀዛፊው ሰንሰለት ስቦ ያስገባችኋል፣ ውስጥ የምትቆዩት አምስት ደቂቃ ያህል ነው። ውሃው የሚያበራው ፀሐይ ከባሕር በታች ባለ ሌላ ቀዳዳ ስለምትገባ ነው፣ ውሃው ቀዩን ብርሃን ያስቀረዋል። ቅር የሚያሰኘው ክፍያው ነው፦ ከወደቡ የሚወስደው ጀልባ አንድ ሂሳብ፣ ዋሻው ጋ መግቢያውና ቀዛፊው ሌላ ሂሳብ፣ ከዚያ ጉርሻ። ከአናካፕሪ በአውቶቡስ ብትሄዱ የመጀመሪያው ይቀራል። ትንሽ ማዕበል ካለ ደግሞ ጭራሽ ይዘጋል።

መመለሻ ትኬታችሁን ስትደርሱ ግዙ፣ ከመጨረሻው ጀልባ በፊት ባለውም ተመለሱ። የመጨረሻው ሲሰረዝ የሚቀረው የካፕሪ ሆቴል ነው፤ ዋጋውን ባትጠይቁ ይሻላል።

ስለ ምግብ

ምሳችሁን ከሶሬንቶ ይዛችሁ ውጡ፤ በየጉብኝት ቦታው በር ላይ ያለው ሁሉ ውድ ነው። ምግብ ቤት ስትቀመጡ ሂሳቡ ላይ “ኮፔርቶ” የሚል በሰው የሚታሰብ ጥቂት ዩሮ ይጨመራል፣ የመቀመጫና የዳቦ ነው እንጂ ማጭበርበር አይደለም። ቡና ቆሞ ሲጠጣ ይረክሳል። ማኪያቶ ብላችሁ ካዘዛችሁ የሚመጣው በሲኒ ሥር የቀረች ቡና ጠብታ ወተት ያረፈባት ናት፤ የአዲስ አበባው ዓይነት ካማራችሁ ካፑቺኖ ይቀርበዋል።

ጾመኛ እዚህ አይቸገርም። የናፖሊ ፒዛ ማሪናራ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና የወይራ ዘይት ብቻ ነው፤ አይብ የለውም፣ ሊጡም ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾና ጨው ነው። ፓስታ በነጭ ሽንኩርትና ዘይት “አልዮ ኤ ኦልዮ” ይባላል፣ “ሴንሳ ፎርማጆ” ብላችሁ አይቡን አስቀሩ። በኦገስት የሚሄድ ሰው ፍልሰታ ላይ ነውና ይህን ይያዝ። ኦገስት 15 እነሱም የእመቤታችንን ዕርገት ያከብራሉ፣ ፌራጎስቶ ይሉታል፤ ጣሊያን ሁሉ ባሕር ዳር የሚወርድበት ቀን ስለሆነ በዚያ ሳምንት ምንም ደርሶ መልስ ባታቅዱ ይመረጣል። ሜይና ሴፕቴምበር ከሁሉም ይሻላሉ።

አማልፊ

አውቶቡሱ የሚነሳው ሶሬንቶ ባቡር ጣቢያ በር ላይ ነው። ትኬት ቀድሞ ይገዛል፤ የ“ቲ” ቅርጽ ነጭ ምልክት የተሰቀለበት የትምባሆ ሱቅ ሁሉ ይሸጣል። ስትገቡ ማሽኑ ላይ አስመቱት፣ ያልተመታ ትኬት እንዳልተገዛ ነው። በቀኝ በኩል ተቀመጡ፣ ባሕሩ እዚያ ነው። መንገዱ ከገደሉ ተቦርቡሮ የወጣ ነው፣ መታጠፊያው አያልቅም። የሚያቅለሸልሸው ሰው ከፊት ይቀመጥ፣ ዝንጅብል ይያዝ፣ ስልኩን አያንብብ።

በመንገዱ መሐል ባለችው ከተማ በፖዚታኖ በመሄጃው አትውረዱ። ከፖዚታኖ ወደ ሶሬንቶ የሚመለሰው አውቶቡስ ከአማልፊ ሞልቶ ስለሚመጣ ስፖንዳ ፌርማታ ላይ ሁለትና ሦስት አውቶቡስ ሳይቆም ሲያልፍ ማየት የተለመደ ነው። በቀጥታ እስከ አማልፊ ሂዱ። 62 ደረጃ ወጥታችሁ ካቴድራሉ ውስጥ ግቡ፤ ከሥሩ ባለው ክፍል የሐዋርያው እንድርያስ አጽም አለ፣ በ1208 ከቁስጥንጥንያ የመጣ ነው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት። አንድ ነጠላ ቦርሳ ውስጥ ከያዛችሁ ለቤተ ክርስቲያኑም፣ ለፀሐዩም፣ ለጀልባው ነፋስም ይሆናል። ጊዜ ካላችሁ ከዚያው አውቶቡስ ቀይራችሁ ወደ ራቬሎ ውጡ፤ የቪላ ቺምብሮኔ አትክልት ስፍራ ጫፍ ላይ ያለው ሰገነት ባሕሩን ከሥር ያሳያል።

ማረፊያው ናፖሊ የሆነ ሰው ወደ ኋላ ከመመለስ ከአማልፊ በጀልባ ወደ ሳሌርኖ ቢሄድ ይቀለዋል፤ ግማሽ ሰዓት ከምናምን ነው፣ ከዚያ ናፖሊ በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም። ሳሌርኖ ካቴድራል ሥር የወንጌላዊው ማቴዎስ መቃብር አለ። በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ማቴዎስ አስተምሮ በሰማዕትነት ያረፈው በኢትዮጵያ ነው፤ የኛ አገር ሰው አጽሙን ሳሌርኖ ላይ ሲያገኘው ትንሽ ቆም ብሎ ያያል።

ሶሬንቶ የምትመለሱ በጀልባ ተመለሱ፣ ፖዚታኖንም በመመለሻው ከባሕር እዩት። ጀልባዎቹ የሚሠሩት ከአፕሪል እስከ ኦክቶበር ገደማ ነው፣ የመጨረሻዋም ከመጨረሻው አውቶቡስ ሰዓታት ቀድማ ትወጣለች። አማልፊ እንደደረሳችሁ፣ ደረጃውን ከመውጣታችሁ በፊት፣ ወደቡ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ ፎቶ አንሱና የመመለሻችሁን ትኬት ግዙ። ጀልባዋ ካመለጠች አውቶቡሱን ከራሱ ከአማልፊ መነሻ ያዙ እንጂ “ፖዚታኖ ላይ እንይዘዋለን” አትበሉ።